ለዳታቤዝ ኮርስ የቱን እንጫን? «እምቢ» የሚለውን

የዳታቤዝ ኮርስ የጀመረ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠይቀው ያው አንድ ጥያቄ ነው፤ ኮምፒውተሬ ላይ የትኛውን የዳታቤዝ ሲስተም (ዳታ አስቀምጦ የሚያስተዳድር ፕሮግራም) ልጫን? መልሱ እንደ ተጠያቂው ይለያያል። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ማይኤስኪውኤል ይላል። ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ ባለሙያ ኦራክል ወይም ኤስኪውኤል ሰርቨር ይላል። የስልክ መተግበሪያ የሚሠራው ደግሞ ኤስኪውላይት ምን አነሰው ይላል። ሁሉም ለየሥራቸው ልክ ናቸው። የተማሪ ፍላጎት ግን ከዚህ ይለያል። ባለሙያ ሲስተሙ እንዲታዘዘው ይፈልጋል፤ ተማሪ ሲሳሳት ሲስተሙ «እምቢ» እንዲለው ነው የሚያስፈልገው።

ይህን የተማርኩት ነጥብ አጥቼ ነው። ለፈተና ስዘጋጅ ደጋግሜ የተለማመድኩት አንድ ክዌሪ (ኤስኪውኤል በተባለው የዳታቤዝ ቋንቋ የሚጻፍ ጥያቄ) ነበር። ሠራተኞችን በየክፍላቸው መድቦ የደመወዛቸውን አማካይ ያወጣል፣ ከአማካዩ ጎን ደግሞ የሠራተኛ ስም ያሳያል። ስለማመድ ሁልጊዜ ውጤት ይሰጠኝ ነበር። ፈተና ላይ ጻፍኩት፤ በቀይ ተሰረዘ። ቆይቶ ነው የገባኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ሠራተኛ ካለ ከአማካዩ ጎን የሚወጣው የማን ስም ነው? የተለማመድኩበት ሲስተም ከሃያዎቹ አንዱን እንዳሻው እያነሳ ያሳየኝ ነበር። ስህተቴን ዝም ብሎ አሳለፈው፤ እኔም ዝምታውን «ልክ ነህ» ማለቱ መሰለኝ።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው የቱ ይፈጥናል፣ የቱ ቶሎ ሥራ ያስቀጥራል በሚል አይደለም። የቱ ስህተትን ያስቆማል፣ የትኛውን ምዕራፍስ የቱ በተግባር ያሳያል በሚል ነው። መምህሩ ወይም የላብራቶሪ መመሪያው አንዱን ወስኖ ከሆነ ክርክር የለም፤ እሱን ጫኑ። ያኔም ቢሆን የተሰጣችሁ ሲስተም የት የት ላይ ዝም እንደሚል ማወቁ አይከፋም።

ኤስኪውላይት፦ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ኤስኪውላይት ሰርቨር የለውም፣ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ ጠቅላላ ዳታቤዙ አንድ ፋይል ነው። ከተጫነ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የመጀመሪያ ሠንጠረዣችሁን ፈጥራችሁ ጆይን (ሠንጠረዦችን ማያያዝ) መሞከር ትችላላችሁ። የቡድን ሥራ ካላችሁ ፋይሉን መላላክ ነው። አቅሙ የደከመ ኮምፒውተር ላይም አይከብድም።

ግን ከሁሉም ይልቅ «እሺ» ባይ እሱ ነው። የቁጥር ዓምድ ውስጥ ፊደል ብታስገቡ ይቀበላል። ፎሪን ኪ (ዋጋው ሌላ ሠንጠረዥ ውስጥ መኖር ያለበት ዓምድ) ብትጽፉም ካላበራችሁት አይጠብቅም፤ ያውም ዳታቤዙን በከፈታችሁ ቁጥር ደግማችሁ ማብራት አለባችሁ። እጅግ የሚገርመው ደግሞ የፕራይመሪ ኪ፣ ማለትም እያንዳንዱን ረድፍ የሚለየው ቁልፍ፣ ጉዳይ ነው። መማሪያው «ፕራይመሪ ኪ ባዶ ሊሆን አይችልም» ይላል። ኤስኪውላይት ግን ቁልፉ ኢንቲጀር ካልሆነ በተራው ሠንጠረዥ ባዶ ዋጋ ያስገባል። የድሮ ስህተት ነው፤ ብዙ ፕሮግራም ስለተደገፈበት አዘጋጆቹ ሳያርሙት ቀርተው በይፋዊ ሰነዳቸው ላይ ጽፈውታል። ያ በቀይ የተሰረዘብኝ ዓይነት ክዌሪም እዚህ ዛሬም ያልፋል።

ከ2021 ወዲህ፣ ማለትም ከ3.37 ስሪት ጀምሮ፣ ሠንጠረዡ ሲፈጠር መጨረሻ ላይ «ስትሪክት» የሚል ቃል ከተጨመረ የዳታ ዓይነት ይቆጣጠራል፤ ፕራይመሪ ኪውም ባዶ መሆኑ ይቀራል። ሁልጊዜ ጨምሩት። ራይት ጆይንና ፉል አውተር ጆይን የመጡት ደግሞ በ2022 በ3.39 ነውና ከዚያ የቆየ ስሪት ከያዛችሁ እነሱን ስትጽፉ የሚመጣው ስህተት የእናንተ ላይሆን ይችላል።

የተጠቃሚ ፈቃድ መስጠትና መንሳት የሚለው ምዕራፍ ላይ ስትደርሱ ኤስኪውላይት የለበትም። ተጠቃሚ የሚባል ነገር አያውቅማ።

ማይኤስኪውኤል፦ ስሪቱን ሳታዩ አትመኑት

በ1995 የተጀመረው ማይኤስኪውኤል ብዙ እጅ ዞሯል። በ2008 ሰን ገዛው፣ በ2010 ሰን ራሱ ወደ ኦራክል ሲገባ አብሮ ገባ። ከመሥራቾቹ አንዱ ሚካኤል ዊዴኒየስ ሽያጩ ስላሳሰበው በ2009 ማሪያዲቢ የተባለውን ቅርንጫፍ ጀመረ። ስለዚህ አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ «ማይኤስኪውኤል» ብላችሁ የምትከፍቱት ማሪያዲቢ ሆኖ ይገኛል። ለኮርሱ መጀመሪያ ልዩነታቸው ብዙ አያስጨንቅም፤ የስሪት ቁጥራቸው ግን ለየቅል ስለሆነ ከታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የማይኤስኪውኤል ብቻ መሆናቸውን ልብ በሉ።

ጥሩ ጎኑ ግልጽ ነው። ስትቸገሩ መልሱን የሚያውቅ ሰው አታጡም። ዎርክቤንች የተባለው መሣሪያ የኢአር ዲያግራም (የዳታውን ክፍሎችና ግንኙነታቸውን የሚያሳይ ሥዕል) ያስስልና ሥዕሉን ወደ ሠንጠረዥ ይለውጣል። (ዎርክቤንች የሚስለው ጫፉ እንደ ቁራ እግር በሚዘረጋው መስመር ነው። መምህራችሁ ፒተር ቼን በ1976 ባቀረበው አሳሳል፣ ግንኙነትን በዳይመንድ ቅርጽ የሚፈልጉ ከሆነ የዎርክቤንችን ሥዕል እንዳለ ማስረከብ ነጥብ ያስቆርጣል።)

የሚያሳስበኝ የዝምታ ታሪኩ ነው። «ደመወዝ ከዜሮ በታች አይሁን» ብላችሁ የቼክ ገደብ ብትጽፉ ከ8.0.16 በፊት የነበሩት ስሪቶች አንብበው ይተዉታል። ስህተት አይሉም፣ ሠንጠረዡን ይፈጥራሉ፣ ከዚያ ከዜሮ በታች የሆነ ደመወዝ ያስገባሉ። 8.0.16 የወጣው በ2019 ነው። ከ5.7 በፊት የነበሩት በነባሪ አቀማመጣቸው የግሩፕ ባይን (ረድፎችን በቡድን የሚመድበውን ትእዛዝ) ስህተት፣ ያን በቀይ የተሰረዘብኝን ዓይነት፣ ያሳልፉ ነበር፤ ከዓምዱ የረዘመ ጽሑፍም ቆርጠው በማስጠንቀቂያ ብቻ ያስገቡ ነበር።

ዛሬም ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት አንድ ጉድጓድ አለ። ፎሪን ኪ ሁለት ቦታ ሊጻፍ ይችላል፤ ወይ ዓምዱ ጎን በዚያው መስመር ላይ፣ ወይ ከዓምዶቹ በታች ራሱን ችሎ። ሁለቱም በስታንዳርዱ ትክክል ናቸው። በ8ኛው ትውልድ ማይኤስኪውኤል ግን ዓምዱ ጎን የተጻፈው ተነቦ ይተዋል፤ የሚሠራው ከታች ራሱን ችሎ የተጻፈው ብቻ ነው። ይህ የተስተካከለው በ2024 በወጣው 9.0 ነው። የፕሮጀክት ዳታቤዛችሁ ሙሉ በሙሉ የተሳሰረ መስሏችሁ አንድም ፎሪን ኪ የሌለበት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፤ የሌለ ክፍል ቁጥር ሰጥታችሁ ሠራተኛ መዝግቡ። ከገባ ፎሪን ኪው የለም።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ ኢንተርሴክትና ኤክሴፕት (የሁለት ውጤቶችን የጋራና ልዩነት የሚያወጡት) የተጨመሩት በ8.0.31 በ2022 ነው። ፉል አውተር ጆይን የለም፤ ሌፍትና ራይት ጆይንን በዩኒየን አጋጥማችሁ ታወጡታላችሁ፤ ይህ እንዲያውም ጥሩ መልመጃ ነው።

ፖስትግሬስ፦ ተከራካሪው

የፖስትግሬስ ታሪክ የሚጀምረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ነው። በ1970ዎቹ ኢንግሬስ የተባለ የምርምር ሲስተም ነበር፤ ማይክል ስቶንብሬከር በ1986 «ከኢንግሬስ በኋላ» የሚል ትርጉም ያለውን ፖስትግሬስ ጀመረ። ኤስኪውኤልን የተቀበለው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ በ1996 አሁን ያለውን ሙሉ ስሙን ፖስትግሬስኪውኤልን ያዘ። ከዩኒቨርሲቲ መውጣቱ ብቻውን ምስክር አይሆነውም፤ ግን መማሪያው የሚለውና እሱ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል።

ከላይ ያነሳኋቸውን ፈተናዎች አንድ በአንድ ሞክሩበት። የቁጥር ዓምድ ውስጥ ፊደል፦ እምቢ። ባዶ ፕራይመሪ ኪ፦ እምቢ። በዓምዱ ጎን የተጻፈ ፎሪን ኪ፦ ይሠራል፣ የሌለ ክፍል ስትሰጡት እምቢ። የግሩፕ ባይ ስህተት፦ እምቢ። እምቢታውም ባዶ አይደለም። የትኛው ገደብ እንደተጣሰ በስሙ ይጠራል፣ የትኛው ዋጋ የትኛው ሠንጠረዥ ውስጥ እንዳልተገኘ ይነግራል፣ የአጻጻፍ ስህተት ሲሆን ቦታውን በምልክት ያሳያል። ጀማሪ ሆኖ የስህተት መልእክት ማንበብ የሚለምድ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

ሁለተኛው ጥቅሙ የክዌሪ አፈጻጸም ምዕራፍ ላይ ይታያል። ይህ ምዕራፍ ወረቀት ላይ ደረቅ ነው፤ ጆይን የሚሠራባቸው ሦስት ስልቶች፣ ኔስትድ ሉፕ፣ ሃሽ ጆይን፣ መርጅ ጆይን እየተባለ የዲስክ ንባብ ይቆጠራል። ፖስትግሬስ ሦስቱንም አለው። ኤስኪውላይት ኔስትድ ሉፕ ብቻ ነው ያለው፤ ማይኤስኪውኤል ሃሽ ጆይን ያገኘው በ8.0.18 ሲሆን መርጅ ጆይን የለውም። ፖስትግሬስ ላይ ቁጥር በተርታ በሚያመርተው ፈንክሽን 1,000,000 ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ በአንድ ትእዛዝ ሙሉ። ከዚያ «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» ብላችሁ ክዌሪውን አስሩጡ። ስንት ረድፍ አገኛለሁ ብሎ እንደገመተ፣ በእውነት ስንት እንዳገኘ፣ በየደረጃው ስንት ጊዜ እንደፈጀ ይዘረዝራል። ኢንዴክስ (ረድፍ ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ ማውጫ) ጨምሩና ድገሙት። ሃሽ ጆይንን አጥፉበትና የቱን እንደሚመርጥ እዩ። አሥር ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ላይ ግን አትሞክሩት፤ ኢንዴክስ እያለ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ያነባል፣ ልክም ነው፤ አሥር ረድፍ ለማንበብ ኢንዴክስ መክፈት ድካም ብቻ ነው። ብዙ ተማሪ «ኢንዴክሴ አልሠራም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሠንጠረዥ መፍጠርና ማጥፋትም ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚጸድቅ ወይ ሁሉም የሚሰረዝ የትእዛዞች ስብስብ) ውስጥ ይገባል። ትራንዛክሽን ከፍታችሁ ሠንጠረዥ አጥፉ፣ ሮልባክ (ሰርዝ) በሉ፣ ተመልሶ ይመጣል። ማይኤስኪውኤልና ኦራክል ላይ ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከእሱ በፊት የሠራችሁትን ሁሉ ሳይጠይቅ ያጸድቀዋል። አቶሚሲቲ ምን ማለት እንደሆነ በቃል ከመሸምደድ ይህን አንድ ጊዜ ማየት ይሻላል።

ጉድለቱስ? መጫኑ ከኤስኪውላይት ይከብዳል። ሲጫን የሚጠይቀውን የይለፍ ቃል ረስቶ አንድ ቀን የሚያጣ ተማሪ ብዙ ነው፤ እዚያው ጻፉት። በስም አጻጻፍ በኩልም የራሱ አመል አለው። በላቲን ፊደል የምትጽፉትን የሠንጠረዥ ስም ያለ ጥቅስ ከሆነ ሁሉንም ወደ ትንሹ ፊደል ይለውጠዋል። በግራፊክ መሣሪያ በትልቅ ፊደል የተፈጠረ ሠንጠረዥ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ በጥቅስ ካልተጠራ «የለም» ይባላል። ከእነዚህ ሌላ በተግባር ሊያሳያችሁ የማይችላቸው ሁለት የኮርሱ ነገሮች አሉ፤ አንዱን አሁኑኑ፣ አንዱን ቀጥሎ እናየዋለን። አሁን የምለው ክላስተርድ ኢንዴክስን ነው። ማይኤስኪውኤል በነባሪው የማከማቻ ሞተሩ በኢኖዲቢ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨርም በነባሪነት፣ ሠንጠረዡን ራሱን በፕራይመሪ ኪ ቅደም ተከተል የቢ ትሪ (የኢንዴክሱ ዛፍ) ቅጠሎች ላይ ያስቀምጣሉ። ፖስትግሬስ ረድፎቹን ያለ ቅደም ተከተል ከምሮ ኢንዴክሱን ለብቻው ይይዛል። ክላስተር የሚል ትእዛዝ ቢኖረውም የሚደረድረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በኋላ የሚገባው ረድፍ ቅደም ተከተሉን አይጠብቅም።

ሁለት መስኮት ከፍታችሁ ሞክሩ

ትራንዛክሽን ላይ ልዩነታቸው ስለሚጎላ እዚህ ትንሽ ልቆይ። የባንክ ሒሳብ ላይ 100 አለ። ሁለት መስኮት ክፈቱ፣ በሁለቱም ትራንዛክሽን ጀምሩ፣ ትራንዛክሽኖቹ ምን ያህል እንደሚነጣጠሉ የሚወስነውን ደረጃ ሪፒተብል ሪድ አድርጉ። ሁለቱም ሒሳቡን ያነባሉ፤ ሁለቱም 100 ያያሉ። የመጀመሪያው 30 አውጥቶ 70 ብሎ ይጽፍና ያጸድቃል። ሁለተኛው 20 አውጥቶ 80 ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው ቀሪ 50 መሆን ነበረበት።

ማይኤስኪውኤል ያሳልፈዋል። ሒሳቡ 80 ይሆናል፣ የመጀመሪያው ወጪ እንዳልነበረ ይጠፋል። መማሪያው «ሎስት አፕዴት» የሚለው ይህ ነው። ሪፒተብል ሪድ የማይኤስኪውኤል ነባሪ ደረጃ ስለሆነ ምንም ሳትነኩ ታገኙታላችሁ። ፖስትግሬስ ላይ ሁለተኛው ሊጽፍ ሲል ስህተት ይመጣል፤ ካነበብከው በኋላ ሌላ ሰው ለውጦታል፣ ትራንዛክሽንህን እንደገና ጀምር ማለቱ ነው። (በነባሪው በሪድ ኮሚትድ ከተዋችሁት ግን ፖስትግሬስም 80 ያደርገዋል።) ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ገና ሊጽፍ ሲል ይቆማል፤ ሁለቱም ሲያነቡ የያዙትን ሎክ (ሌላው እንዳይለውጥ የሚያግድ መቆለፊያ) እስከ መጨረሻ አይለቁምና። ሁለተኛውም ሊጽፍ ሲል እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፤ ዴድሎክ ሆነ። ሲስተሙ አንዱን መርጦ ይሰርዘዋል። ኤስኪውላይት ላይ ሙከራው እስከዚያም አይደርስም፤ በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ስለሚፈቅድ «ዳታቤዙ ተቆልፏል» የሚል መልስ ይመጣል።

ያው አንድ ሙከራ፣ አራት ዓይነት ውጤት። ፈተና ላይ «ሪፒተብል ሪድ ሎስት አፕዴትን ይከላከላል ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ መማሪያው የሚመልሰው በሎክ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ለእሱ የሚቀርበው የኤስኪውኤል ሰርቨር ጠባይ ነው። ፖስትግሬስ፣ ኦራክልና ኢኖዲቢ አንባቢንና ጸሐፊን እንዳይጋጩ የሚያደርጉት የረድፉን የቆየ መልክ በማቆየት ነው፤ ስለዚህ የሼርድና የኤክስክሉሲቭ (የማንበቢያና የመጻፊያ) ሎክ ሠንጠረዥ ሸምድዳችሁ ፖስትግሬስ ላይ ብትፈልጉት «አንባቢው ለምን አልተጠባበቀም?» ብላችሁ ትገረማላችሁ።

ፖስትግሬስ ሊያሳያችሁ የማይችለው ያ የቀረው ሁለተኛ ነገር ደርቲ ሪድ፣ ማለትም ሌላው ገና ያላጸደቀውን ዳታ ማንበብ ነው። ፖስትግሬስ ሪድ አንኮሚትድ ብትሉት እሺ ብሎ ሪድ ኮሚትድን ይሰጣችኋል፤ ያልጸደቀ ዳታ በፍጹም አያሳይም። ኦራክልም አያሳይም። ደርቲ ሪድን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ማይኤስኪውኤል ወይም ኤስኪውኤል ሰርቨር ያስፈልጋችኋል።

ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ኦራክልና የቀሩት

ኤስኪውኤል ሰርቨር ዊንዶውስ ለያዘ ሰው ምቹ ነው፤ ለመማሪያ የሚሆኑ ነፃ እትሞች አሉት፣ ማኔጅመንት ስቱዲዮ የተባለው መሣሪያ የክዌሪውን ዕቅድ በሥዕል ያሳያል። ይህ መሣሪያ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ ራሱ ግን ከ2017 ጀምሮ ሊኑክስ ላይም ይሠራል።

ኦራክል ላይ የምለው አጭር ነው። ኮርሳችሁ የኦራክልን የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤልኤስኪውኤልን በስሙ ካልጠየቀ ለመጀመሪያ ጊዜ አትጀምሩበት። ነፃው እትም 2 ጊጋባይት ሚሞሪና 12 ጊጋባይት የተጠቃሚ ዳታ ይፈቅዳል፤ ለተማሪ ከበቂ በላይ ነው፣ አጫጫኑና አጠቃላይ አሠራሩ ግን ጀማሪን ከዋናው ትምህርት ያርቀዋል። አንድ ነገር ብቻ ያዙ፤ ኦራክል ባዶ ጽሑፍን (አንድም ፊደል የሌለውን) ከነል (ዋጋው ጭራሽ ካልተሰጠው) አይለይም። ነል የሚለው ርእስ ራሱ የሚያደናግር ሆኖ ሳለ ይህን መጨመር ለጀማሪ አይመከርም።

የማይክሮሶፍቱ አክሰስ ክዌሪን በመጎተትና በመምረጥ ስለሚያሠራ ኤስኪውኤል መጻፍ ሳትለምዱ ሴሚስተሩ ያልፋል። ዳታን በሠንጠረዥ የማያስቀምጠው ሞንጎዲቢ ደግሞ ለሌላ ኮርስ ነው፤ ኖርማላይዜሽን (ድግግሞሽ እንዲቀንስ ሠንጠረዥን መከፋፈል) እና ፎሪን ኪ በሚጠየቁበት ኮርስ በሱ መጀመር ዋና እየተማሩ ብስክሌት እንደ መለማመድ ነው። ቀድሞ ኤስኪውኤልን የጨበጠ ሰው ግን በኋላ ቢያየው ይጠቀማል።

ታዲያ የቱ?

መምህሩ ካልወሰነና ኮምፒውተራችሁ የሚችል ከሆነ ፖስትግሬስን ከመጀመሪያው ሳምንት ጫኑ፤ ለደርቲ ሪድና ለክላስተርድ ኢንዴክስ ማይኤስኪውኤልን ለሁለት ሳምንት ተዋሱ። ኮምፒውተሩ ደካማ ከሆነ ወይም የጋራ ላብራቶሪ ብቻ ካላችሁ ኤስኪውላይት ይበቃችኋል፤ ፎሪን ኪውን አብሩ፣ ስትሪክት በሉ፣ ግሩፕ ባይ ላይ ራሳችሁን ጠብቁ። ማይኤስኪውኤል ከተሰጣችሁ መጀመሪያ የስሪት ቁጥሩን እዩ፤ ከ8.0.16 በታች ከሆነ አዲሱን ፈልጉ።

ለኖርማላይዜሽን ምንም አትጫኑ። ከነዚህ ሲስተሞች አንዱም ሠንጠረዣችሁ በኖርማላይዜሽን ደረጃ ሦስተኛ ኖርማል ፎርም ላይ ይሁን ከእሱ በሚጠብቀው ቦይስ ኮድ ላይ አይነግራችሁም፤ ምክንያቱም ፈንክሽናል ዲፔንደንሲው (የቱ ዓምድ ሲታወቅ የቱ እንደሚታወቅ የሚለው ሕግ) ያለው በእናንተ ሐሳብ ውስጥ ነው። ተማሪ፣ ኮርስ፣ መምህር የሚሉ ሦስት ዓምዶች ይኑሩ። ተማሪና ኮርስ ሲታወቁ መምህሩ ይታወቃል፤ መምህር ሲታወቅ ኮርሱ ይታወቃል። ይህ ሦስተኛውን ያሟላል፣ ቦይስ ኮድን አያሟላም፤ ብትከፍሉት ደግሞ የመጀመሪያውን ሕግ ያለ ጆይን መጠበቅ አትችሉም። በወረቀትና በእርሳስ ሦስት አራት ጊዜ ሥሩት።

ሪሌሽናል አልጀብራም (ሪሌሽን በሚባሉ ሠንጠረዦች ላይ የሚሠራው ስሌት) እንዲሁ የወረቀት ነው፤ ግን ከኤስኪውኤል ጋር የሚጋጭበትን አንድ ቦታ ሲስተሙ ላይ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ኤድጋር ኮድ በ1970 ባቀረበው ሞዴል ሪሌሽን ስብስብ ነው፤ ድግግሞሽ የለውም። ኤስኪውኤል ግን «ዲስቲንክት» ካላላችሁ የተደጋገመውን ሁሉ ያወጣል። ፕሮጀክሽን (የተወሰኑ ዓምዶችን ብቻ መምረጥ) ሥሩ ሲባል አምስት ረድፍ፣ በኤስኪውኤል ሲጻፍ ስምንት ረድፍ ቢመጣ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ወረቀት ላይ ኤስኪውኤል ስትጽፉ የተለማመዳችሁበትን ሲስተም ዘዬ ተጠንቀቁ። ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች በስታንዳርዱም በፖስትግሬስም ጽሑፍ ያያይዛሉ፤ ማይኤስኪውኤል በነባሪነት «ወይም» ብሎ ነው የሚያነባቸው። ኤክሴፕት የሚባለው ኦራክል ላይ ለብዙ ዘመን ማይነስ ሲባል ኖሯል። ጽሑፍ ስታወዳድሩ ማይኤስኪውኤል ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል በነባሪነት አይለይም፤ ፖስትግሬስ ይለያል። የትኛውን ዘዬ እንደሚቀበሉ መምህሩን ከፈተናው በፊት ጠይቁ፤ ካልተነገራችሁ የመልሱ አናት ላይ «በፖስትግሬስ አጻጻፍ» ብላችሁ ጻፉ።